የተረፈችው ቃል

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚኒባስ ስሄድ፣ ለውድድር የጻፍኳትን አጭር ልብ ወለድ በስልኬ እያየሁ ነበር። የተፈቀደው ሃምሳ ቃል ነው፤ የእኔዋ ሃምሳ አንድ ሆና አስቸግራኛለች። ሳይታወቀኝ ጮክ ብዬ፣ «አንድ ትርፍ አለ፤ መውረድ አለበት» አልኩ።

ረዳቱ ተቆጣጣሪ መስዬው ደነገጠ። በትርፍ ተጭነው በርጩማ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን ሰብስበው፣ «ልጄ፣ የታመመ ወንድሜን ልጠይቅ ነው የምሄድ፤ አታስወርደኝ» አሉኝ።

አፈርኩ። «እርስዎን አይደለም እማማ፤ ቃል ነው» ብዬ ታሪኩን አነበብኩላቸው። መጨረሻው «ጋሪ ነጂው ታመመ። ተኛ። ሞተ።» ይላል።

እማማ አማተቡ። «በል እንግዲያ፣ ሞተ ያልከውን አውርደው።»

አወረድኩት። ልክ ሃምሳ ሆነ፤ ሰውየውም ዳነ።