ላይ ኪዩ ላፕቶፕ ስትመርጥ

ላይ ኪዩ የልብስ ቁልፎችን ካርቶን ላይ እየሰፋች ነበር። ስድስት በአንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ በአንድ ካርቶን። መርፌው በቁልፉ ቀዳዳ ሁለት ጊዜ ያልፍና ከኋላ ይቋጠራል፤ ከዚያ ክሩን በጥርሷ ትበጥሰዋለች። መቀሱ አጠገቧ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፤ አንስታው አታውቅም። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው፣ ጥርሶቿ ግን ሁሉም የራሷ ናቸው፤ ይህንንም ሰው እንዲያይላት ትፈልጋለች።

እኔ ከእሷ ቀጥሎ ባለው መደብ ዳንቴልና ሪባን እሸጣለሁ። በሻም ሹይ ፖ ሰፈር፣ ዩ ቻው መንገድ ላይ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል። በመካከላችን አንድ የጋራ ማራገቢያ አለን። ወደ እኔ ሲዞር ብዙ ይቆያል ትላለች። ቆጥሬ አይቻለሁ፣ እኩል ነው፤ ግን አልነገርኳትም።

የዚያን ሐሙስ የምትሰፋው ማር የመሰሉ አሥራ ሁለት የቀንድ ቁልፎች ነበር። ሁለት መንገድ አልፎ ለሚሠራው ለልብስ ሰፊው ዪፕ ካፖርት ናቸው። «ከምሳ በፊት በእጅህ ነው» ብላዋለች በስልክ። ቀንዱን የሚቆርጠው ፋብሪካ ስለተዘጋ ያ ቀለም ከእነዚህ ሌላ አልነበረም።

ሰፍታ ጨርሳ ፖስታ ውስጥ ስትከታቸው ስልኳ ጮኸ። ዩክ ቻን የድምፅ መልእክት ልካለች።

ዩክ ቻን የማጆንግ ጓደኛዋ ናት፤ ማጆንግ ሥዕል ባላቸው ጠጠሮች አራት ሰው ሆኖ የሚጫወቱት ነው። አራት ሆነው ከኑድል ቤቱ በላይ ባለች ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት እሁድ እሁድ ተጫውተዋል። ያቺ ክፍል ስትዘጋ ዩክ ቻን ቱን ሙን የሚባል ሰፈር ልጇ ጋ ገባች፣ ሌሎቹ ሁለቱም ወደየልጆቻቸው ሄዱ። አሁን አራቱም በየቤታቸው ሆነው በኢንተርኔት ይጫወታሉ። የላይ ኪዩ ስልክ ግን የካራሜላ ሣጥን ታህላለች። ባለፈው እሁድ ወፍ የተሳለበትን ጠጠር፣ ስትጠብቀው የቆየችውን፣ አበባ ነው ብላ ጣለችው፤ ከዚያ መልሱልኝ ብላ ግማሽ ሰዓት ተከራከረች።

መልእክቱ እንዲህ ይላል፦ «ላይ ኪዩ፣ እንወድሻለን። ግን በዚህ እሁድ አንዲት ጠጠር ተሳስተሽ ከጣልሽ ቦታሽን ለፓንግ እንሰጣለን። ፓንግ ትልቅ ስክሪን አላት።»

ላይ ኪዩ መርፌዋን ደረቷ ላይ ሰካች።

«ትልቅ ስክሪን አላት» አለች። «አፏስ ትንሽ ነው?»

ወይዘሮ ፓንግ ከመንገዱ ማዶ ነው የምትሸጠው። ፕላስቲክ ቁልፍ ትሸጣለች። ላይ ኪዩ «ፕላስቲክ» የምትለው ሌላ ሰው የበሽታ ስም በሚጠራበት ድምፅ ነው።

«ተነሺ ሱት፣ ላፕቶፕ ልንገዛ ነው» አለችኝ። «የዪፕን ቁልፍ በመንገዳችን እንሰጣለን።»

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ማጆንግ የሚጫወት ሰው አጠገቡ መጽሐፍ አያስቀምጥም። በእኛ ቋንቋ መጽሐፍም «ሹ» ነው፣ መሸነፍም «ሹ» ነው። ላይ ኪዩ እሁድ እሁድ የስልክ ማውጫውን እንኳ አውጥታ ደረጃው ላይ ታስቀምጠው ነበር። ጎረቤት ሲወስድባት አልከፋትም።

የኮምፒዩተር መደብሮቹ ሕንፃ ውስጥ በጣም ጠባብ የሆነውን ሱቅ መረጠች፤ ኪራዩ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ትንሽ ይሆናል ብላ። ሻጩ ፑን ይባላል፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ቆንጂት፣ ይግቡ» አላት።

«የትኛዋን ነው?» አለች ላይ ኪዩ።

«ሁለታችሁንም።»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሷ ግን የጆሮ ጌጧን አስተካከለች። ጌጡንም የሠራችው ከቁልፍ ነው።

«ጨዋታ የምጫወትበት እፈልጋለሁ። ርካሽ ይሁን፣ ግን ርካሽ አይምሰል።»

ፑን ጥቁርና ወፍራም የሆነ አንድ አመጣ። ሲከፍተው የፊደል ቁልፎቹ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እየሆኑ ይበሩ ጀመር፤ ማራገቢያውም እንደ ፀጉር ማድረቂያ አጓራ።

«ይኼ ዘንዶ ይገድላል» አለ።

«ዘንዶ አልገድልም። የምገድለው ሦስት አሮጊት ነው።»

«ማጆንግ?»

«ማጆንግ። አንዳንዴ ደግሞ ያቺን ዓሣ የሚጠመድባትን ጨዋታ። ዓሣው ሳይንቀጠቀጥ እንዲዋኝልኝ።»

ሁለተኛ ያመጣው ግራጫ ነበር። ላይ ኪዩ በጥፍሯ ክዳኑን መታ መታ አደረገችና ወደ እኔ ዞረች። «ፕላስቲክ» አለች። ተመለሰ።

ሦስተኛው ቀጭን ነው፣ የሻይ ቅጠል አረንጓዴ፣ ጠርዙ ለስላሳ። ላይ ኪዩ ካርቶኑን ከፖስታው አውጥታ አንድ የቀንድ ቁልፍ በጥርሷ በጠሰችና ክዳኑ ላይ አስቀመጠች፤ አንገቷን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ማርና አረንጓዴ። ሰው ካፖርት ሲመርጥ እንደሚያየው አየችው።

«ያው እንደ መጽ...» አለ ፑን ክዳኑን እየከፈተ።

«እንደ ምን?»

የፑን እጅ ቆመ። ለካ ማጆንግ የምትጫወት አያት አለችው። «እንደ መስኮት» አለ። «እንደ መስኮት ይከፈታል። አሥራ አምስት ኢንች ተኩል፣ ሜሞሪው አሥራ ስድስት።»

«አሥራ ስድስት ይበቃል?»

«ለማጆንግ መቶ ዓመት ይበቃዎታል።»

«መቶ ዓመት አልቆይም። የማያስፈልገኝን ቀንሰህ ዋጋውንም ቀንስልኝ።»

ዓሣ ማጥመጃውን ከፈተላት። ዓሣዎቹ አልተንቀጠቀጡም፣ ማራገቢያውም አልተሰማም። ከዚያ ካልኩሌተሩ ላይ አራት ሺህ አራት መቶ መትቶ አዞረላት። አራትና ሞት በእኛ አፍ ተቀራራቢ ናቸው።

«ሁለት ጊዜ ነው የምትገድለኝ?» አለች በለሆሳስ።

«ይቅርታ፣ ቆንጂት። ሦስት ሺህ ስምንት መቶ ሰማንያ።» ስምንት እኛ ዘንድ የሀብት ቁጥር ነው።

«አሁን በሕይወት አለሁ» ብላ ቦርሳዋን ከፈተች።

ፑን ሊጠቀልለው ክዳኑን ሲዘጋ ነው እኔ ያየሁት። ጥግ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ስም ተጽፏል፤ የስሙ መጨረሻ ባለ አራት ፊደል ቃል ነው። ላይ ኪዩ እንግሊዝኛ አታነብም። እኔ ወጣት ሳለሁ ሦስት ወር የማታ ትምህርት ተምሬአለሁ። የመጀመሪያው ትምህርት «ይህ መጽሐፍ ነው» የሚል ነበር፣ ከዚያ ብዙም አልራቅንም። ስለዚህ ያንን ቃል አውቀዋለሁ። ፑን አየኝ፤ አየሁት። ቶሎ ቶሎ ጠቀለለው።

ስንመለስ፣ እሷ ሣጥኑን በሁለት እጇ እንዳቀፈች፣ በዪፕ በር በኩል አለፍን። ዪፕ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

«ላይ ኪዩ፣ ቁልፉን» አልኳት።

«እጄ ሁለቱም ተይዟል፤ በየት በኩል ኪሴ እገባለሁ? ነገ።»

እኔ ላወጣላት እችል ነበር። የሰው ኪስ መግባት ግን አልወድም። አርብም ቅዳሜም ማጆንጉን ስትለማመድ ዋለች፤ ያ ነገ አልመጣም።

እሁድ በስምንት ሰዓት ቤቷ ሄድኩ። ክፍሏ ውስጥ አልጋው፣ ጠረጴዛው፣ ሁለት ወንበር፤ በቃ። እሷ ስክሪኑን ይዛ ተቀመጠች፣ እኔ ከፊት ለፊቷ። ዳንቴል እየጠቀለልኩ ነበር። ክዳኑ ወደ እኔ ነው፤ ቃሉም ወደ እኔ ነው።

የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፈች። ሁለተኛውንም። ጠጠር አልተሳሳተችም፣ ሁሉንም ታያለች፤ ግን የሚያስፈልጋት አይመጣላትም። በሦስተኛው መነጽሯን እያወለቀች መጥረግ ጀመረች፤ እንዲህ ከጀመረች ደግሞ መሳሳቷ አይቀርም።

«ላይ ኪዩ፣ ፓንግ እዚህ ልጄ ቤት መጥታ አጠገቤ ናት፤ እያየችሽ ነው» አለች ዩክ ቻን ከላፕቶፑ ውስጥ።

«ትየኝ። ጥሩ ነገር አይታ አታውቅም።»

ድምጿ ግን ቀጥኖ ነበር። እኔም ዳንቴሉን አስቀመጥኩ።

«ላይ ኪዩ፣ ክዳኑ ላይ ሹ የሚል አለ።»

«ምን የሚል?»

«ሹ። በእንግሊዝኛ። አራት ፊደል።»

ከስክሪኑ ቀና አለች።

«ከሐሙስ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከሐሙስ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት አንድ ነገር እንድትነግሪኝ ስጠብቅ፣ ዛሬ ይኼን?» ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። «ዩክ ቻን፣ ሽንት ቤት ልሂድ፣ ጠብቁኝ።»

መሳቢያውን ጎትታ ሙጫ አወጣች፤ ከኮቷ ኪስ የዪፕን ፖስታ። እሷ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ እኔ በየፊደሉ ላይ አንድ አንድ ቁልፍ ደረደርኩላት፤ ልክክ ብለው ሸፈኑት።

«አራት?» አለች። «ከመሸነፍ አውጥተሽ ወደ መሞት ልታስገቢኝ ነው?»

አምስተኛውን ጨመርን። እውነት ለመናገር አምሮበታል። እሷም ቀና ብላ አየችውና «ፓንግ እንዲህ ያለ አላት?» አለች፤ «የለኝም» ማለት የምትችለው ፓንግ ግን ድምፁ ተዘግቶ ስለነበር አልሰማችም።

ከዚያ በኋላ ተአምር አልመጣም። ሦስተኛውን አቻ ወጡ። በአራተኛው ግን ወፏ መጣች። ላይ ኪዩ መነጽሯን ገፋ አድርጋ አየቻት፣ አበባ አለመሆኗን አረጋገጠች፣ ያዘቻት፣ ጠጠሮቿን ዘረጋች። ከድሎች ሁሉ ትንሹ ነበር፤ እኛ «ዶሮ» የምንለው።

«ለዶሮ ነው ያን ያህል የተነፈስሽው?» አለች ዩክ ቻን።

«ስንት ጠጠር ተሳሳትኩ?»

ከኋላ የፓንግ ድምፅ አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አንድም» አለች ዩክ ቻን። «እሁድ እንገናኝ። ፓንግ፣ ሻይ ልቅዳልሽ።»

ላይ ኪዩ ላፕቶፑን ዘጋችና መዳፏን ክዳኑ ላይ፣ ቁልፎቹ ላይ አኖረች። ሙጫው ገና አልደረቀም ነበር፤ ትንሽ ተጣበቀባት።

ዪፕ ሰኞ ደወለ፣ ማክሰኞም ደወለ። «በመንገድ ላይ ነው» ትለዋለች፣ ሌላ ካርቶን እየሰፋች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች። ካፖርቱ አሥራ ሁለት ይፈልጋል። ከላይዋ ያለው ምስማር ላይ፣ ከማትነካው መቀስ ጎን፣ ዪፕ ተብሎ የተጻፈበት ፖስታ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ሰባት ቁልፍ አለ።