የአማቴ ምላስ

እኔ ተኳሽ ነኝ። ጠመንጃ እንዳይመስላችሁ፤ የምተኩሰው የሆቴል አንሶላ ነው። ቢሆንም አማቴን ሳስብ፣ ምነው ሌላኛውን ተኩስ በተማርኩ ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። አንቱ እላቸዋለሁ፤ አንቱ እያሉ መጥላት ይቻላል።

ጥፋታቸውን ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ። በተጋባን በሳምንቱ ለባሌ ቤተሰብ ምሳ ሠራሁ። በዚያ ቤት አማቴ ሳይቀምሱ ማንም ማንኪያ አያነሳም። ቀመሱ። ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከዚያ በልጆቻቸውና በዘመድ አዝማዱ ፊት፣ "ልጄ ቆንጆ አግብቷል፤ እጅ ግን የላትም" አሉ። ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባሌ ራሱ ሳቀ፤ እሱን ቤታችን ገብተን ልክ ልኩን ነገርኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ "እጅ የለሽ" ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! የወለድኳቸው ልጆች እንኳ ሲናደዱብኝ በዚሁ ስም ይጠሩኛል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ይቅርታ ይጠይቁኝ አላልኩም። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ በዚያው አፋቸው፣ በዚያው ሰው ፊት፣ "እጅሽ ይጣፍጣል" እንዲሉኝ።

እጅ እንዳለኝ ያወቅኩት ሥራ ቦታ ነው። የልብስ ማጠቢያው ክፍል ምድር ቤት ነው፤ እንፋሎቱ ያፍናል፣ ማሽኖቹ ቀኑን ሙሉ ያጓራሉ። አብረውኝ የሚሠሩት ሴቶች እንደ እኛው በስደት ከየአገሩ የመጡ ናቸው። ዓርብ ዓርብ አንሶላ የምናጥፍበትን ረጅም ጠረጴዛ ጠርገን፣ እያንዳንዳችን ከቤት ያመጣነውን እንዘረጋለን። ዓሣ በኮኮናት ወተት ተቀቅሎ የበላሁት እዚያ ነው። በወይን ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ ሲያቀርቡልኝ፣ "ይኼን ደግሞ ልብሱን አውልቀን ነው የምንበላው?" ብዬ በሳቅ ገደልኳቸው።

ደበርጃን የሚሉትን ሐምራዊ አትክልት ያሳየችኝ ከመካከላቸው አንዷ አጣቢ ነች። ልጣጩ እስኪከስል እሳት ላይ ትጠብሰዋለሽ፣ ውስጡን በማንኪያ ታወጪዋለሽ፣ ከዚያ ከተፈጨ ሰሊጥ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር ታሽዋለሽ። ቤቴ ገብቼ ሞከርኩት። የማላውቀውን ምግብ ስሠራ እጄ አይፈራም፤ "እንዲህ አይደለም" የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ አይጮህም። ኩሽናዬ በጭስ ታፍኖ ብቻዬን ስዘፍን ልጆቼ አብዳለች አሉ። በዓርቡ ይዤው ሄድኩ። አጣቢዋ ቀመሰች። ከዚያ "የእናቴን ቤት አስታወስሽኝ" ብላ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ሌሎቹ ሳህኑን በጣታቸው አጸዱት። እንዲያ ተደስቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ተሳስቼ ለአማቴም ወሰድኩላቸው። አማቴ ገና ሲያዩት "የምን አመድ ነው ይኼ?" አሉ። አንድ ማንኪያ ቀምሰው ሳህኑን ገፋ አደረጉት። "እጅ ለሌላት ሴት ባሕር ተሻግሮ የመጣ ምግብም አያድናት።"

ዘንድሮ ብርዱ ሲብስ አማቴን ክፉ ጉንፋን ጣላቸው። ሲሻላቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ሻይ ቀዱ። ስኳር ነው ብለው የጨውን ዕቃ አነሱ፤ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ጨምረው፣ አማስለው ጠጡት። ፊታቸው እንኳ አልተቋጠረም! "ዛሬ ሻዬ ጥሩ ወጥቶልኛል" አሉ።

ምላሳቸው ሞቷል። ለማንም ግን ትንፍሽ አላሉም። እሑድ እሑድ ቤተሰቡ ለምሳ ሲሰበሰብ እየቀመሱ መፍረዳቸውንም አልተዉም። ደረጃውን ስወርድ ጮቤ ረገጥኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ደበርጃን በሁለት ሳህን ሠራሁ። በአንደኛው ውስጥ የጨው ዘር የለም። ሁለተኛውን አጣፍጬ፣ ክዳን ደፍቼበት፣ በአማቴ ኩሽና ውስጥ ደበቅኩት። ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ሲቀመጥ ጨው አልባውን ፊታቸው አቀረብኩ።

"እማማ፣ እስቲ ይቅመሱልኝ" አልኩ፣ አፌ ማር እያንጠባጠበ።

ቀመሱ። ፊታቸውን አጨማደዱ። "ጨዉ በዛ! አንጀት ያቃጥላል። እኔ ምን ብዬ ነበር? እጅ የላትም።"

የባሌ እህት ቀመሰች። "እማዬ፣ ምን ነክቶሽ ነው? ይኼ እኮ ጨው የሚባል አልነካውም!"

ባሌ ቀመሰ። ታናሽ ወንድሙም ቀመሰ። ሁሉም ወደ እናታቸው ዞሩ።

"ጨው የለውም፤ አውቄ ነው" አልኩ። "እማማ ሻይ በጨው ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ከጉንፋኑ ወዲህ ምላሳቸው አይቀምስም። ይኼን ሁሉ ጊዜ የሚፈርዱብን በግምት ነው።"

አማቴ አልካዱም። አንገታቸውን ደፍተው ማንኪያቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። ያዘንኩ መሰላችሁ? አላዘንኩም። እንዲያውም ደረቴ ተነፋ። ሁለተኛውን ሳህን አምጥቼ መሃል ላይ አስቀመጥኩ። "ይኸው፣ ይኼን ደግሞ ቅመሱ።"

ተሻሙበት። ባሌ "ጣት ያስቆረጥማል" አለ። እህቱ "ይኼን ሙያ የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው?" አለችኝ። እኔ ግን እነሱን አልሰማም፤ የማየው የአማቴን አፍ ነው።

አማቴ ማንኪያቸውን ዘርግተው ከአዲሱ ሳህን ዘገኑ። ረጋ ብለው አላመጡ። ዋጡ። ከዚያ ቀና ብለው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ አድርገው፣ "እጅሽ ይጣፍጣል፣ ልጄ" አሉኝ።

"ተያት እቴ!" አለች የባሌ እህት አፏን እንደሞላች። "አሁን እሷ ምኑን አውቃ ነው?"

ሁሉም ሳቀ። አማቴም እያዩኝ ፈገግ አሉ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኳትን ቃል ሰጡኝ፤ ዋጋ ያሳጣኋት ግን እኔው ነኝ፣ በገዛ አፌ። ይኼን እሳቸውም በደንብ አውቀውታል።

ምን ልበል? ተቀመጥኩና በእጄ ከሠራሁት ምግብ ጎረስኩ። እጅ እጅ አለኝ።