መርዶ በራይስዋይክ

ስለ እስፔን የማውቀው ኳስና በሬ ነበር። በዚያ ላይ ሆላንዶቹ በየበጋው ሄደው ቆዳቸውን አቃጥለው የሚመለሱበት የባሕር ዳርቻ። ለነገሩ ስለ እኛስ ሰው ከረሃብና ከሯጭ ሌላ ምን ያውቃል?

ሥራዬ ቱስዞርግ ነው፤ አቅመ ደካሞችን በየቤታቸው እየዞርኩ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ። የምኖረው ሄግ፣ ትራንስቫል፣ ከትልቁ ገበያ ጀርባ ሲሆን ጠዋት ጠዋት በትራም ራይስዋይክ እወርዳለሁ። ሽማግሌውን መጀመሪያ ያየኋቸው ሆላንድና እስፔን ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የተጋጠሙ ዕለት ነው። ሕንጻው ከላይ እስከ ታች ብርቱካንማ ጨርቅ ለብሷል። እስፔናዊ መሆናቸውን ከወረቀታቸው አይቼ ስለነበር ገና ከበሩ ላይ፣ «ሜኔር፣ ዛሬ እንግዲህ ጠላቶች ነን» ብዬ ቀለድኩ፤ ሜኔር በሆላንድኛ ጌታዬ ማለት ነው። አልሳቁም። መጋረጃውን ዘግተው ሽንኩርት ይልጡ ነበር።

«ኳሱን እወዳለሁ» አሉኝ። «ባንዲራውን ማየት ነው የማልችለው። አባቴን የገደሉት ሰዎች ይዘውት የመጡት ባንዲራ ነው።»

ለእኛ አገር ሰው የባንዲራ ጠብ አይተረጎምለትም። ሽንኩርቱን ተቀበልኳቸውና ከተፍኩ።

ታሪኩን አንድ ቀን ቁጭ ብለው አልነገሩኝም። በሁለት በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ጀርባቸውን ሳጥብ፣ ካልሲ ሳጠልቅላቸው፣ ጥቂት በጥቂት ሰማሁት። አባታቸው የገጠር አስተማሪ ነበሩ። የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረበት በጋ፣ እሳቸው የአምስት ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ሰዎች ንጋት ላይ በር አንኳኩተው አባትየውን ወሰዷቸውና ከመንደሩ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ረሸኗቸው። እናትየው ለልጃቸው «አባትህ ለሥራ ፈረንሳይ ሄዷል» አሉት። ልጁ ጠበቀ። ባርኔጣ ያደረገ መንገደኛ ባየ ቁጥር ሮጦ ወጣ። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላው ከሰፈር ልጅ ጋር ተጣላና ልጁ፣ «ያንተ አባት እኮ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ውሻ እንኳን ያውቃል» አለው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እውነት ነው። መንደሩ በሙሉ ዘጠኝ ዓመት ሲያውቅ ኖሯል።

«እናቴን አልቀየምኩም እላለሁ» አሉኝ አንዴ፣ «ግን ውሸቴን ነው።»

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። «እናትዎ ልክ ናቸው» አልኳቸው። «ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም።» ካልሲውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው አጠለቁ።

ልክ ናቸው ያልኩት በቤቴ ስለማውቀው ነው። ታላቅ ወንድሜን ቀይ ሽብር በልቶታል። ዘመድ ተሰብስቦ፣ እናቴ ልቧ ደካማ ናትና እንዳትሰማ፣ ሆድ ይፍጀው ተባለ። እናቴ ማንበብ አትችልም፤ እኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ወንድሜ ከሱዳን የላከው ነው እያልኩ ራሴ የጻፍኩትን ደብዳቤ ራሴ አነብላት ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ልጇን እየመረቀች ሞተች። ለቀስተኛው በሙሉ፣ «ተመስገን፣ ሳትሰማ ሄደች» ብሎ አመሰገነኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተመሰገንኩበት ነገር ይኸው አንዱ ነው።

ጦርነቱን ያሸነፈው የሽማግሌው አገር ጄኔራል አርባ ዓመት ግድም ገዝቶ አልጋው ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹ ሰዎች ተስማምተው ያለፈው አልፏል፣ ማንም ማንንም አይጠይቅ ብለው ሕግ አወጡ። እሳቸው ያን ጊዜ ሮተርዳም መርከብ ይበይዱ ነበር። እናታቸው የሁለት ሰው መቃብር ገዝተው፣ አንዱን ጎን ባዶ አስቀምጠው ነው የሞቱት። ሽማግሌው አላገቡም፣ አልወለዱም። በሰማንያ ዓመታቸው ከእግዜር የሚፈልጉት ያችን ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነበር። የአባታቸውን አጥንት አውጥተው እናታቸው አጠገብ ማኖር። መንግሥታቸው የቁፋሮውን በጀት ስለዘጋው በየመንደሩ የሚቆፍሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአባታቸውን አጥንት ለመለየት ምራቃቸውን በጥጥ ጠርገው ወስደውላቸዋል፤ ለጉዞው ደግሞ አንድ ጥቁር ጫማ በካርቶኑ ተቀምጧል።

የሟች እህታቸው የልጅ ልጅ እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር። ሕንጻ መንደፍ ተምራ ሥራ ያጣች ልጅ ናት። አገሯ ኢኮኖሚው ሲወድቅ አደባባይ ድንኳን ተክለው ከጮኹት ወጣቶች አንዷ ናት። ወላጆቿን ባንክ ከቤታቸው አስወጣቸው፤ እሷ አምስተርዳም መጥታ የሆቴል አልጋ ታነጥፍ ጀመር፤ ከተማው ዳር ዲመን ከሦስት ሰው ጋር ትኖራለች። «ፀሐይ ካለበት አገር መጥተሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» ይሏታል ሆላንዶቹ። «ፀሐይ አይበላ» ትላለች። እኔና እሷ በሰባራ ሆላንድኛ፣ በሰባራ እንግሊዝኛ ተግባባን።

አንድ የመጋቢት እሑድ ትራም ማቆሚያው ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። እጇ ላይ ወረቀት አለ። ጉድጓዱ ተከፍቷል። የተገኘው አራት የልብስ ቁልፍ፣ አንድ የጫማ ሶልና ጥቂት የጣት አጥንት ነው። የቀረውን ከሃምሳ ዓመት በፊት፣ ቤተሰብ ሳይጠየቅ፣ በሳጥን ጭነው ወስደውታል። የት? ጄኔራሉ ተራራ አስፈልፍሎ ወዳሠራው ቤተ ክርስቲያን። እሱ መቅደሱ ፊት ተቀብሮ ይቀደስበታል፤ በብዙ ሺህ የሚቆጠር አጥንት ደግሞ ከግድግዳው ጀርባ ተደራርቦ ተዘግቶበታል። ገዳይና ሟች ባንድ ጣሪያ። ወይ ጉድ፣ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል።

ልጅቱ ግን ቀጠለች። አጥንት የተወሰደባቸው ቤተሰቦች ተሰብስበው ይመለስልን ብለው ፍርድ ቤት ሊጠይቁ ነው። በግንቦት መንደሩ ውስጥ ይገናኛሉ። ከሟች የተወለደ በሕይወት ያለ ልጅ ቀርቦ ሲናገር ከባድ ነው ብለዋል፤ እንደሳቸው ያለ የቀረ የለም። «ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ» አለች።

«ምን ቆርጦሽ!» አልኳት።

ሽማግሌው ከሳንባ ምች ገና መነሳታቸው ነበር። መርዶ እንዲህ አይነገርም። ለታመመ ሰው አይነገርም፣ ለብቻው ላለ አይነገርም፣ እንደ ተራ ወሬ እሑድ ከሰዓት በኋላ አይነገርም። መጀመሪያ ሰውየው ይጠንክር፤ ከዚያ ሽማግሌ ይመረጣል፣ በማለዳ ተሰብስቦ ይኬዳል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚደግፍ እጅ ይኖራል። ይህን ሁሉ አስረዳኋት። ዓይኖቿ ከአልጋ ማንጠፍ ብዛት ቀልተዋል። እውነቱን ለመናገር እሷም ለመናገር ጨንቋት ነበር፤ እኔ ደግሞ መሸሸጊያ ሰጠኋት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ማታ ለልጄ አወራኋት። እዚህ ያደገች ናት፤ ለሽማግሌም «አንተ» ነው የምትለው። «ማማ፣ ወሬው የእሱ ነው» አለችኝ። «ያንቺ አይደለም። ደግሞ ከሥራ ያስባርርሻል።»

«አንቺ የሆላንድ ልጅ፣ ሰው ላይ መርዶ እንደ ደረሰኝ ዱብ ይደረጋል?» ብዬ ገሠጽኳት። 

ሚያዝያ ገባ። ሽማግሌው በረቱ፤ ለብቻቸው በትራም ገበያ ድረስ እየሄዱ የደረቀ ዓሣ ይገዙ ጀመር። አሁን ንገሪያቸው ይለኛል አንዱ ልቤ። ፋሲካ ይለፍ እላለሁ። ቀጥሎ ልጅቱ ሥራ በዛባት። ከዚያ እኔ ጉንፋን ያዘኝ። በየጠዋቱ «ደብዳቤ አለ?» ይሉኛል፣ «የለም ሜኔር» እላለሁ። ጫማውን ከካርቶኑ አውጥተው ቀለም ይቀቡና መልሰው ያስቀምጡታል። ላም አለኝ በሰማይ ሆነ ነገሩ፤ ላሟን በሰማይ ያሰርኩላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ግንቦት መጣ፤ ግንቦት ሄደ። የአገራቸው ንጉሥ ዙፋኑን ለልጁ የለቀቀ ዕለት ቴሌቪዥን ከፍተው፣ «ጄኔራሉ መርጦ ያስቀመጠልን ነበር፤ አሁንም ማንም አልጠየቀን» አሉና ዘጉት። ነሐሴ ላይ ስትሮክ ግራ ጎናቸውን መታቸው። ከሆስፒታል በተሽከርካሪ ምርኩዝ ተመለሱ። ከአልጋ እስከ ኩሽና ከዚያ በኋላ ጉዞ ሆነባቸው።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ይሄ ሰው ሳይሰማ ሊሞት ነው አልኩ፤ በእናቴ ለቅሶ ተመስገን ያሰኘው ነገር ለምን እዚህ ላይ እንዳስፈራኝ አላውቅም። መስከረም ላይ ቀን ቆረጥኩ። ከቤተ ክርስቲያን ሁለት እናቶች ለመንኩ፤ የሄግን ሐበሻ ግማሹን መርዶ ያረዱት እነሱ ናቸው፣ ሥርዓቱን ያውቁታል። ልጅቱ እኔ ቤት አደረች። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋጋ፣ አራት ሴቶች ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን የሽማግሌው ፎቅ ወጣን። መተላለፊያው ሲሚንቶ ነው፤ የስምንት እግር ኮቴ ጥርት ብሎ ይሰማል። ደወሉ እንዳያስደነግጣቸው ብዬ በጣቴ ቀስ አድርጌ አንኳኳሁ።

ብዙ ቆዩ። የምርኩዙ ጎማ ሲንኳኳ ሰማን። በሩ ተከፈተ።

በፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበዋል። ያን ጥቁር ጫማ ያለ ካልሲ አጥልቀዋል፣ ክሩን ግን ማሰር አልቻሉም። በደህናው እጃቸው መታወቂያቸውን ይዘዋል። እኛን አላዩንም፤ ከኋላችን ነው የሚያዩት። በቋንቋቸው ቀስ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ልጅቱ አፏን ይዛ ግድግዳው ላይ ተደገፈች። ያሉትን የነገረችኝ በኋላ ነው። «እመጣለሁ። ልጁን ብቻ አትቀስቅሱት።» አባታቸው በዚያ ንጋት በሩ ላይ ያሉት ነው። ልጁ ነቅቶ ነበር።

ነግረውኝ ነበር እኮ። ንጋት ላይ፣ በር አንኳኩተው፣ ብለው በራሳቸው አፍ ነግረውኝ ነበር። በጆሮዬ ሰምቼ በልቤ አልሰማሁም።

ደግፈን አስቀመጥናቸው። ካፖርቱን አላወልቅም አሉ። ልጅቱ ጉድጓዱንም፣ ሳጥኖቹንም፣ ተራራውንም እያለቀሰች ነገረቻቸው። እናቶቹ የሚባለው አልገባቸውም፤ ግን ሥርዓቱ ነውና አብረው አለቀሱ፣ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አሉ። ሽማግሌው አላለቀሱም። «መቼ ነው ያወቃችሁት?» አሉ።

«መጋቢት» አለች ልጅቱ።

«ግንቦት ላይ መሄድ እችል ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ፈረንሳይ ነው ያለው ብትዪኝ ይሻል ነበር» አሉኝ።

በሥራዬ ሰው ሰድቦኛል፣ ተፍቶብኛል። እንደዚያ ቀን ግን አፍሬ አላውቅም። የተንበረከክሁት ጫማቸውን ላስርላቸው ነበር፤ እግራቸውን ሰበሰቡብኝ።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ሌላ ሠራተኛ ጠይቀዋል አለኝ። ምክንያቱን አልተናገሩም፤ ከሥራም አልተባረርኩም። ለገና ምግብ ይዤ ሄጄ በር ላይ አስቀምጬ ተመለስኩ። ጥር ላይ ትራም ውስጥ ሳለሁ ልጅቱ ደወለችልኝ። «ዛሬ ጠዋት ሞቱ» አለችኝ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ሰው መሐል ቆሜ የምደገፈው ብረት ብቻ ነበር፤ እንደዚያም ሆኖ አልወደቅሁም።

መንደራቸው እንዲወስዷቸው አልፈለጉም። «እዚሁ ቅበሩኝ፤ ማንም አይነካካኝ፤ ቢያንስ እኔ ያለሁበት ይታወቅ» ብለዋት ነበር ለልጅቱ። ራይስዋይክ ቀበርናቸው፤ ስድስት ሰው ነበርን። የእናታቸው ጎን ባዶውን ቀረ። አባታቸው ይህን በምጽፍበት ጊዜም እዚያው ተራራ ውስጥ ናቸው፣ ጄኔራሉም እዚያው። ልጅቱ በዓመቱ ሥራ አገኘሁ ብላ ቺሌ ሄደች።

ከመሄዷ በፊት የመቃብሩ ቢሮ አብረን ገባን፤ አድራሻ መቀየር ነበረባት። ጸሐፊው ትሑት ሰው ነው። መቃብሩ የሃያ ዓመት ኪራይ እንደሆነ፣ ጊዜው ሲያልቅ የሚያድስ ዘመድ ከሌለ አጥንቱ ወጥቶ በግቢው ዳር ባለው የጋራ ጉድጓድ እንደሚገባ አስረዳን። ከዚያ በፊት ደብዳቤ እንልካለን አለ። ለማን ይላክ? ልጅቱ እኔን አየችኝ። የትራንስቫል አድራሻዬን አስጻፍኩ።

ሃያው ዓመት ሲሞላ እኔ ሰባ ያልፈኛል። ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። ደብዳቤው ሲመጣ ምናልባት ደክሜ ይሆናል፣ ወይም ማንበብ ተስኖኝ ይሆናል፤ የመጣ ዕለት አንብቢልኝ፣ አንድ ቀን እንዳታሳድሪ አልኳት።

ልጄ ስልኳን አስቀምጣ አየችኝ። «በጣም ታመሽ ከሆነስ?» አለች። «ያኔም ልንገርሽ?»

አዎ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ አልወጣ አለኝ።