ወተት ያልቀመስኩባቸው ሦስት ጠዋቶች

ሮቤ፣ በአንድ የመንግሥት እርሻ ጽሕፈት ቤት ስድስት ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ኖሬያለሁ። ቢሮአችን ውስጥ አምስት ሴቶች ነበርን። ስድስት ሰዓት ሲሆን ጠረጴዛ እንገጥምና የሁላችንንም ወጥ አንድ ትሪ ላይ ገልብጠን እንበላለን። የአንዷ ሽሮ ከቀጠነ ሥራ እስክንወጣ ስናበሽቃት እንውላለን። ያንን ትቼ የሄድኩት ማንም አባሮኝ አይደለም፤ በገዛ እጄ ነው።

ምክንያቴ ሲናገሩት ያሳፍራል። ሒሳብ ሰለቸኝ። እኔ ጋ የሚደርሰው ሁሉ ያለቀለት ነገር ነው፤ ስንዴው ታጭዶ፣ ናፍጣው ነዶ፣ ትራክተሩ ተሰብሮ። ገና ያልተጀመረ ነገር አንድ ቀን ማየት አማረኝ። ጎባ ያለ አንድ ባንክ ብድር የሚጠይቁ ማኅበራትን ፕሮጀክት የሚያጠና ሰው እንደሚፈልግ ስሰማ አመለከትኩ። ሥራው ወፍጮ ቢተከል፣ ዘይት መጭመቂያ ቢገዛ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም ብሎ ቦታው ድረስ ሄዶ መመርመር ነው። ጓደኞቼ «ባንክ ገብተሽ ልትኮሪብን ነው» እያሉ ሸኙኝ። ሮቤና ጎባ ቅርብ ናቸው፤ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብዬ ማልኩላቸው። ሁለቴ መጣሁ። በሁለተኛው ወንበሬ ላይ አዲስ ልጅ ተቀምጣ አገኘሁ። የሚስቁበትን ነገር አላወቅኩትም፤ እንዲያው አብሬ ሳቅኩና ወጣሁ።

አዲሱ ኃላፊዬ ክፉ አልነበረም፣ ግን ድርቅ ያለ ሰው ነው። በመጀመሪያው ቀን አስቀመጠኝና «ከተበዳሪ ቤት ውሃ እንኳ እንዳትቀምሺ። ውሳኔሽም ፊትሽ ላይ እንዳይነበብ» አለኝ። እኔ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነኝ፤ ደንብ ካሉኝ ደንብ ነው።

ጎባ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ብድር ያልጠየቀ ቢገኝ፣ ዘመዱ የጠየቀ ነው። በደባልነት የተጠጋሁባት ሴትዮ ወንድም የሸማኔዎች ማኅበር አባል ነበር፤ የማኅበሩ ፋይል ደግሞ የእኔ ጠረጴዛ ላይ። ለፋሲካ ዶሮ ወጥ በሳህን ይዛልኝ መጣች። «ሥራዬ አይፈቅድልኝም» ብዬ ሳልቀበላት ቀረሁ። በሩ ላይ ቆማ አየችኝና «እኔ እኮ ለባንኩ አይደለም ያመጣሁት» አለች። ከዚያ ወዲያ የምንባባለው ደህና አደርሽ ብቻ ሆነ። ያን በዓል እንቁላል ቀቅዬ ብቻዬን እያለቀስኩ በላሁ። በጣም ከፍቶኝ ነበር። የከፋኝ ትክክለኛ ነገር ስላደረግኩ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ፤ አልተጽናናሁም።

የወፍጮው ጥያቄ የመጣው ከደሎ መና ወዲያ ቆላ ውስጥ ካለ የገበሬዎች ማኅበር ነው። የመንደሩ ሴቶች በቆሎ አህያ ላይ ጭነው ደሎ መና ከተማ ድረስ ሄደው ያስፈጫሉ። ጎህ ሲቀድ ወጥተው ሲመሻሽ ይመለሳሉ፤ ወረፋ ከበዛ እዚያው ያድራሉ። ማኅበሩ የወፍጮ ቤቱን በራሱ ጉልበት ሠርቶ ቆርቆሮ አልብሶታል። አባላቱም የድርሻቸውን አዋጥተው አስቀምጠዋል። የቀረው የባንኩ እሺታ ብቻ ነበር።

ከባንኩ ሾፌር ጋር የሳነቴን ደጋ አቋርጠን ወረድን። ላይ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ጫካውን ጨርሰን ቆላው ጋ ስንደርስ ሹራቤን አውልቄ ላቤን እጠርጋለሁ። ሾፌሩ የባሌ ሰው ነው፣ ጨዋታ አዋቂ። እኔ ግን ከማኅበሮቹ ጋር ስለሚግባባ እሱንም በሩቁ ነበር የምይዘው።

የተቀበሉን የማኅበሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ረጅም፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ። ግቢያቸው ውስጥ ክፍል አዘጋጅተው አሳረፉኝ። ጠዋት ባለቤታቸው በጮጮ ወተት ይዘው መጡ። ሽማግሌው ራሳቸው ተቀብለው በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝና «ዱጊ፣ ኢንታላ ቲያ» አሉ። ጠጪ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ይህን ያህል ኦሮምኛ ሮቤ ገበያ አስተምሮኛል።

«ይቅርታ አባቴ፣ አልጠጣም» አልኩ።

ሁለተኛውም ጠዋት እንዲሁ ሆነ። ሾፌሩ መኪናው ጋ ጠብቆ «ኧረ ቅመሺላቸው፣ ከንፈርሽን ብቻ አስነኪ» አለኝ። «ደንቡን ታውቃለህ» አልኩት። «እኔ የማውቀው ሌላ ነው» ብሎ መኪናውን አስነሳ። ምን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብኝ፤ የሚያሾፍብኝ መስሎኝ አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ጠዋት ሽማግሌው «ዱጊ» ሳይሉ ጮጮውን አቀረቡልኝ። እምቢ አልኩ። ለሚስታቸው መለሱላቸውና እስከ መኪናው ሸኙን።

እኔ ደግሞ በልቤ ደስታዬ አይጣል ነበር። እንዲህ ያለ የተዘጋጀ ማኅበር አይቼ አላውቅም። ፊቴን እንደ ግድግዳ አድርጌ ተሰናብቼ፣ ጎባ ገብቼ በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ሁሉ የተሻለውን ጥናት ጻፍኩ። ብድሩ ተፈቀደ። «በተወሰነው ጊዜ ቀርባችሁ ውል ፈርሙ» የሚል ደብዳቤ ታትሞ ሲወጣ ፖስታውን ያሸግኩት እኔ ነኝ። ያን ቀን አንድ ሰው ባገኝና ባወራው ብዬ ጎባ ገበያ ውስጥ ስዞር ዋልኩ።

ማንም አልመጣም። ቀጠሮው አለፈ። ሰኔ ሠላሳ የበጀቱ ዓመት ሲዘጋ የእነሱ ድርሻ ወደ ሌላ ሥራ ዞረ። ኃላፊዬን ለምኜ፣ ምን እንደ ሆኑ ለማጣራት ከዚያው ሾፌር ጋር ተመልሼ ወረድኩ።

የወፍጮ ቤቱ ቆርቆሮ የለም። ግድግዳው መሐል ጥጃ ታስሯል። ሽማግሌውን ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸው፤ ሊቀመንበርነቱ ወደ ሌላ ሰው መዞሩን ሾፌሩ መንገድ ላይ ጠይቆ ሰምቶ ነበር።

«ደብዳቤያችን አልደረሳችሁም?» አልኳቸው።

«ደርሶናል» አሉና ገብተው አመጡት። ፖስታው እንደ ታሸገ ነው። እኔ በለጠፍኩት ሙጫ።

«ለምን አልከፈታችሁትም?»

«ምን ልናነብ? ምላሹን አንቺ ራስሽ ሰጥተሽን ሄደሻል። በእኛ አገር ሰው ልቡ ቂም ከሌለው፣ ክፉ ወሬም ካልያዘ፣ የተሰጠውን ወተት አይመልስም። አንቺ ሦስት ጊዜ መለስሽ። በሦስተኛው ቀን አባላቱን ሰብስቤ ባንኩ እምቢ ብሎናል፣ ገንዘባችሁን ውሰዱ አልኳቸው። ወሰዱ። ዘር የገዛበት አለ፣ ልጁን የዳረበት አለ። ቆርቆሮውም ተሸጠ። እኔንም በከንቱ አስለፋኸን ብለው አወረዱኝ፤ አልፈርድባቸውም።»

ፖስታውን ከፍቼ አነበብኩላቸው። በአማርኛ አንብቤ ስጨርስ፣ የደብዳቤው አማርኛ እንዳይከብዳቸው ሾፌሩ በኦሮምኛ ደገመላቸው። ከመና የተመለሱ ሴቶች ዱቄት የጫኑ አህዮቻቸውን እየነዱ በደጃፉ ሲያልፉ ሽማግሌውን ሰላም አሏቸው። ሽማግሌው እስኪያልፉ ጠበቁ።

«ይቅር ይበሉኝ» አልኩ። «ብድር ከጠየቀ ሰው ቤት ምንም እንዳልቀምስ ታዝዤ ነው።»

«እና ይህንን ያኔ ብትነግሪን ምን ነበረበት?»

ደንቡ ወተት አትጠጪ ይላል እንጂ ለምን እንደማትጠጪ አትናገሪ አይልም። መናገር ትዝ ያላለኝ ጉዳዩ የእኔ ብቻ ስለ መሰለኝ ነው።

ሽማግሌው ደብዳቤውን ከእጄ ተቀብለው አጣጠፉት። «ጎባ ብድር የጠየቀ ብዙ ሰው አለ?»

«ብዙ ነው።»

«ታዲያ ከማን ጋር ነው የምትበይው?»

«ብቻዬን።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እኛስ የቀረብን ወፍጮ ብቻ ነው» አሉ። ከዚያ ብድግ ብለው መንገዱ ሳይመሽብን እንድንሄድ ሸኙን።

ጎባ ስመለስ የፋይሉ መዝጊያ ቅጽ ጠበቀኝ። «ብድሩ ያልተፈጸመበት ምክንያት» የሚል ቦታ አለው፤ አንድ መስመር ብቻ። «አጥኚዋ» ብዬ ጀምሬ፣ ቀድጄ ጣልኩትና ሌላ ቅጽ አወጣሁ። ከዚያ «ማኅበሩ በተሰጠው ቀነ ገደብ ሳይቀርብ ቀርቷል» ብዬ ጻፍኩ። ቃል በቃል እውነት ነው። ኃላፊዬ አንብቦ ፈረመበት፤ የእኔ ጥፋት በእነሱ ስም ተመዝግቦ ተዘጋ።