ከራሷ ቡድን የተባረረችው ፀጉር ሠሪ

ፀጉር ሠሪዋ የኮሪያ ድራማ አፍቃሪዎችን የቴሌግራም ቡድን ያቋቋመችው፣ የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጠው የሚሟገቱ ደንበኞቿ ቤታቸው ሲገቡም ክርክሩ እንዳይቋረጥባቸው ብላ ነበር። ቡድኑ አድጎ አድጎ እሷኑ አባረራት።

ጥፋቷ አንድ ነው። አባላቱ በአንድ ድራማ ባለታሪክ ለሁለት ተከፍለው፣ ገሚሱ «ልጅቷ ሐኪሙን ታግባ»፣ ገሚሱ «አብሮ አደጓን ታግባ» እያሉ ሲዘላለፉ፣ እሷ «ሁለቱንም አታገባም፤ አንዳቸውም ምን እንደምትፈልግ ጠይቀዋት አያውቁም» ብላ ድርቅ አለች። ያን ጊዜ ሁለቱ ጎራዎች ታረቁና በአንድ ድምፅ ዘመቱባት። ከቡድኑ ያስወጣቻት ደግሞ ራሷ ምክትል ሰብሳቢ አድርጋ የሾመቻት ታናሽ እህቷ ነበረች።

የመጨረሻው ክፍል በሚታይበት ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቱ በተመልካች ጢም አለ። ግምቷ ካልሠመረ በገዛ ቤቷ መሳቂያ መሆኗ ነው።

«ዛሬ ጉድሽ ይፈላል!» አለቻት አንዷ ደንበኛ።

«አንገትሽን ቀጥ አድርጊ፣ እሜቴ! ፀጉርሽን የጠቀለልኩበት ቢጎዲን ይወልቃል።»

በቴሌቪዥኑ ላይ ልጅቷ ለሐኪሙ ቀለበቱን መለሰች፤ አብሮ አደጓንም አቅፋ ተሰናበተችው። «ምን እንደምፈልግ የጠየቀኝ የለም» ብላ ሻንጣዋን እየጎተተች ስትሄድ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ።

ወዲያው የፀጉር ሠሪዋ ስልክ ጠራ፤ ታናሽ እህቷ ነበረች።

«እትዬ፣ በሞቴ ተመለሽ! ቡድኑ ሁሉ አንቺን እያለ ነው።»

«መጀመሪያ ምን እንደምፈልግ ጠይቂኝ።»

«እሺ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ሰብሳቢነቴን!» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ ማበጠሪያዋን እንደ በትረ ሥልጣን ከፍ አድርጋ።