ቋጠሮ ለማላውቀው ለእኔ የተሰጠ ሰርተፍኬት

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይህን ግን መርሳት አልፈልግም።

ጎረቤቴ ዘይነባ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የዓሣ አጥማጆችን መረብ እየጠገነች ልጆቿን አሳድጋለች። መንግሥት ለጎልማሳ ሴቶች የመረብ ሥራ ስልጠና ሊሰጥ፣ ሰርተፍኬት ላገኙትም ሐይቁ ዳር ሼድ ሊሰጥ ነው ተባለ። ከዚያ ወዲያ ያለ ሰርተፍኬት መጠገን አይፈቀድም። አሥር ሰው ካልሞላ ግን ስልጠናው ይቀራል፤ የተገኙት ዘጠኝ ነበሩ።

«እታለም፣ በአላህ ግቢልኝ። ቁጭ ብለሽ ታያለሽ እንጂ ማን ሥሪ ይልሻል?» አለችኝ። ገባሁላት።

አሠልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ወጣት ነው። ጽሑፍ እንጂ መረብ ይዞ አልመጣም፤ መረቡም ከዘይነባ ቤት መጣ። በሁለተኛው ቀን ክሩ ተተብትቦበት ሲታገል አየችው።

«አምጣው የኔ ልጅ፣ ይኸ እኮ የጫማ ማሰሪያ አይደለም!»

እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ወንበር ይዞ ተቀመጠ፤ ያስተማረችን እሷ ናት። የመረቡን ዓይን በጣቷ እየለካች፣ የላላውን ታስፈታናለች። የኔን ስንት ጊዜ እንዳስፈታችኝ አልቆጠርኩም።

በመዝጊያው ቀን ስሜ ተጠራ። እጄን ዘርግቼ ሰርተፍኬቱን ተቀበልኩ። ዘይነባ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበችልኝ። ከዚያ የሷ ስም ሳይጠራ ዝርዝሩ አለቀ።

የስልጠናውን ኃላፊ ስሟ ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት።

«እማማ፣ መመሪያው ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ነው የሚለው።»

«ስትመዘግቧት ለምን አልነገራችኋትም?»

«ያኔ ቁጥሩ መሙላት ነበረበት።»

«እኔ እኮ አንድ ቋጠሮ በወጉ አላውቅም።»

«እርስዎማ አሥራ ሁለተኛን ጨርሰዋል!» አለኝ፣ እንደሚያሞግሰኝ ሁሉ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ። ዘይነባ ተከትላኝ «አብሽሪ እታለም፣ አላህ ያውቃል» እያለች እኔን ታጽናናኝ ጀመር።

ዛሬ ሼዱ ውስጥ ሌሎች ተቀምጠዋል። ከባድ ቀዳዳ ሲገጥማቸው መረቡን በማዳበሪያ ከተው በጓሮ በኩል ለሷ ያመጡላታል። ዕድሜዋን ሙሉ በረንዳዋ ላይ የሠራችውን ሥራ አሁን በር ዘግታ ትሠራዋለች፣ እንደ ሌባ።

ሰርተፍኬቱን ትተሽ መውጣትሽ ደግ ነው የሚሉኝ አሉ። አስቀድሜ እጄን ዘርግቼ መቀበሌን እኔ አውቃለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ለብዙ ነገር እጸልያለሁ። ንዴቴ እንዲበርድልኝ ግን እስካሁን አልጸለይኩም።