በፀጉር ቤት የሚሰየም ኮሚቴ

አብረን ሥነ ልቦና ስንማር የክፍሉ ጎበዝ እሷ ነበረች። በተመረቅንበት ዓመት እናቷ አልጋ ያዙ፤ እሳቸውን ስታስታምም ለሁለተኛ ዲግሪ ያገኘችው ቦታ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ መነጽር ቤት ትሠራለች። ጠዋት ደንበኞችን የፊደል ሰሌዳ ታስነብባለች፣ ከሰዓት የላላ ፍሬም ታጠብቃለች። ምርምሩን ግን አልተወችውም። ሰፈሩ «መርማሪዋ» ይላታል፤ ስታልፍ «ቃላችሁን እንዳትሰጡ!» የሚል ቀልደኛ አይጠፋም።

የምታጠናው አንድ ነገር ነው፤ ሰው ከሟች ዘመዱ የሰማው የመጨረሻ ቃል በትዝታው ውስጥ እንዴት እየተለወጠ እንደሚሄድ። ያንኑ ሰው በየዓመቱ ያንኑ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ድምፁን በስልኳ ትቀዳለች፣ ከዚያ ታስተያያለች።

ዩኒቨርሲቲ ቢሆን እንዲህ ያለውን ጥናት የሚቆጣጠር የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። እሷ ግን የላትምና የራሷን አቋቋመች። አባላቱ አክስቷ፣ ጡረታ የወጡ ነርስ እና ፀጉር አስተካካዩ ናቸው። ፀጉር ቤቱ በሚዘጋበት ቀን መጋረጃውን ጋርደው ተሽከርካሪ ወንበሮቹ ላይ ይሰየማሉ፤ እሷ መስተዋቱን ተደግፋ ቆማ ታስረዳለች። እነሱ ያልተስማሙበት አይደረግም። ደንቡን ያወጣችው ራሷ ናት።

ጽሑፉ አልቆ ወደ ጆርናል ሊላክ ሲል፣ ሰዎቹን የየራሳቸውን ድምፅ ላሰማ ብላ ተነሣች። ማንም አላዘዛትም፤ የሰጡኝን ሳይሰሙት አላሳትምም ብላ ነው። ከምትጠይቃቸው አንዱ የሆኑት ልብስ ሰፊ ጋ ስትደርስ ነገር ተበላሸ። የጽሑፉ ምሰሶ እሳቸው ነበሩ። ሚስታቸው በሞቱ ሰሞን፣ የመጨረሻ ቃሏ «በሩን ዝጋው፣ ብርድ ገባ» ነው ብለዋት ነበር። ዓመታት አልፈው ግን «ደህና አድርገህ ይዘኸኛል» ብላኝ ነው ዓይኗን የከደነችው አሉ፤ ሙሉ በሙሉ አምነው፣ እንባቸው እየወረደ። እንዲህ ጎልቶ የሚታይ ለውጥ ሌላ ማንም ላይ አላገኘችም።

አሁን የመጀመሪያውን ቅጂ ሲሰሙ የስፌት መኪናውን አቆሙ። እንደገና እንድታሰማቸው ጠየቁ። ከዚያ ከጽሑፉ እንድታወጣቸው ለመኗት።

ኮሚቴው ተጠራ፤ እኔም ወረፋ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው ከወጡ ጽሑፉ እንደሚፈርስ፣ ቢቆዩም ስማቸው እንደማይጠቀስ አስረዳች። ነርሷ ሰውየው በሙሉ አእምሯቸው ፈርመዋልና ይቆዩ አሉ። ፀጉር አስተካካዩ በበኩሉ ጆርናሉን በዚህ ሰፈር የሚያነብ ስለሌለ ከሐሜት በኩል እንዳትሰጋ ነገራት።

«ችግሩ» አለ ቀጥሎ፣ «እሳቸው ራሳቸው ቃሉ እዚያ መኖሩን ያውቁታል።»

ሁላችንም ወደ አክስቷ ዞርን።

«አንቺ ልጅ» አሉ አክስቷ፣ «እኛን የሰበሰብሽን እሺ እንድንልሽ ነው?»

መላክ ትችል ነበር። የሚከለክላት አለቃ የለ፣ ማኅተም የሚነፍጋት ቢሮ የለ። እኛም ብንሆን ከማኩረፍ ሌላ የምናደርጋት አልነበረም። መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ለረጅም ጊዜ ስትጠርግ ቆየችና «ይወጣሉ» አለች። ነርሷ ተነሥተው ትከሻዋን ነካ ነካ አደረጓት።

ጽሑፉ ያለ እሳቸው ተልኮ፣ ማስረጃው ሳስቷል ተብሎ ተመለሰ። ገምጋሚዎቹ ልክ ናቸው አለችኝ፤ እኔም ብገመግመው ይህንኑ እል ነበር።

የልብስ ሰፊውን ቅጂዎች ያጠፋችው እሳቸው ፊት፣ እያዩዋት ነው። ጣታቸውን የክር ማጠንጠኛው ላይ እንዳሳረፉ ጠየቋት፤

«እሺ፣ የቱን ነው ያለችኝ?»

«አላውቅም ጋሼ። እኔ ስጠይቅዎ የኖርኩትም እሱን አልነበረም።»

«ሁለቱንም ብላኝስ እንደሆነ?»

ትዝታ እንዴት እንደሚሠራ ከማንም በላይ ታውቃለች። ያን ያህል ዓመት የለፋችበት ሁሉ «አይመስለኝም» በይ ይላት ነበር።

«ሊሆን ይችላል» አለቻቸው።

በዓመቱ የመጠየቂያው ቀን ሲደርስ ስልኳን ቤት ትታ እሳቸው ጋ ሄደች። ያወሩት ለኮሚቴው አልቀረበም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።